የሻሸመኔው ትራንስፖርት
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ሪፖርቱን ቅድም አቅርቤያለሁ። አሁን የምናገረው በሪፖርቱ ውስጥ ስላለች አንዲት መስመር ነው፤ «የሕክምና ትራንስፖርት ድጋፍ» ስለምትለዋ። ይህን ሥራ ስጀምር «ከሐዋሳ ሻሸመኔ ደርሶ መልስ» የሚል የክፍያ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣልኝ ነበር። ሚኒባስ ደረሰኝ አይሰጥም፤ ቅጽ ላይ ተፈርሞ ነው የሚከፈለው። እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ጠረጠርኩ፤ አልደብቃችሁም። መድኃኒቱ እዚሁ ከተማችን በነፃ እየተሰጠ ሻሸመኔ ምን ያስኬዳል? ብዬ አንዷን እህታችንን ጠየቅኋት። «እዚህ ካርድ የምታወጣው የአከራዬ እህት ናት» አለችኝ። ሌላ አልጠየቅኋትም፤ ከፈልኳት።

ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በአገራችን በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር በክፍያ ነበር። በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ነው። ያንን ጊዜ ያለፋችሁ እዚህ ተቀምጣችሁ እኔ ልተርክ አልችልም። በየወሩ ለመውሰድ በዓመት 12 ምልልስ ነበር። ከ2010 ገደማ ጀምሮ ግን ጤንነታቸው ለተረጋጋና ቫይረሱ በደማቸው ዝቅ ላለላቸው የስድስት ወር መድኃኒት በአንዴ መስጠት ተጀመረ፤ 12ቱ ምልልስ ለእነሱ 2 ሆነ።

ሁላችንም ጋ ግን አልደረሰም። ገና የጀመረችው፣ የቫይራል ሎድ ውጤቷ ከፍ ያለው፣ አሁንም ቀጠሮዋ ቅርብ ቅርብ ነው። የስድስት ወሩ ተፈቅዶላት የማትወስድም አለች። በአንዲት ክፍል ቤት ያን ሁሉ ብልቃጥ የት ታስቀምጠው? ዱቄት ውስጥ የምትደብቅ፣ እንዳይንኮሻኮሽ ጥጥ የምትጠቀጥቅበት፣ የተለጠፈበትን ወረቀት ልጣ የምትጥል እናውቃለን። ለእሷ ትንሽ ትንሹን መውሰድ ይሻላታል፤ ቀጠሮው ግን በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት ነው። አሞራ ገደል ዓሣ የምትሸጥ ሴት ጠዋቱን ካጣች ቀኑን አጣች። ያ ኪሳራ በማንም መዝገብ ላይ አይታይም፤ በእኔም ላይ።

ስለዚህ ዛሬ ሐሳብ ላቀርብ ነው። ምርመራውና የሐኪም ክትትሉ በጤና ተቋሙ ይቀጥል፤ መድኃኒቱን ብቻ ግን የፈለገች ከሰፈር ፋርማሲ ትውሰድ። እኛ የፈጠርነው ነገር አይደለም። ደቡብ አፍሪካ በፈረንጆቹ 2014 የጀመረችው አሠራር አለ፤ መድኃኒቱ በስም ታሽጎ ይላክና ሰውየው ቅርቡ ካለ ፋርማሲ ወይም ሌላ መረከቢያ ይወስደዋል። የደም ግፊቱም የስኳሩም መድኃኒት በዚያው መንገድ ስለሚሄድ ማን የምን እሽግ እንደያዘ አያስታውቅም። ናይጄሪያም በግል ፋርማሲዎች ሠርታበታለች። ፋርማሲ ለልጅ ሳልም፣ ለራስ ምታትም ይገባል፤ ማታም ክፍት ነው፣ ብዙው እሁድም።

ይህን ሐሳብ ለኮሚቴው ሳነሳ አንዲት እናታችን «ልጄ፣ ባለ ፋርማሲውስ የሰፈር ሰው አይደለም ወይ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ፋርማሲውን የምትመርጠው ራሷ ትሁን። ታቦር የምትኖር መናኸሪያ ሄዳ ትውሰድ፤ ከሻሸመኔ ይቀርባል። ምስጢር የሚያወጣ ፋርማሲም ውሉ የሚቋረጥበት ግልጽ ደንብ ይኑር። መዝገቡ ደግሞ ወደ ጤና ተቋሙ መመለስ አለበት፤ አለዚያ መድኃኒቷን በሰዓቱ የወሰደች ሴት «ጠፍታለች» ተብላ ትፈለጋለች፣ በእርግጥ የጠፋችው ሳትታወቅ ትቀራለች።

ገንዘቡስ? ባለ ፋርማሲው የቤት ኪራይ ይከፍላል፣ ለባለሙያው ደመወዝ ይከፍላል። ትርፍ የሌለው መድኃኒት መደርደሪያውን ሲይዝበት ሁለት ሦስት ወር ለጽድቅ ይሠራና ይተወዋል። በናይጄሪያ ተገልጋዮች ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ይከፍሉ ነበር። እኔ ይህን አልደግፍም። ትንሽ የሚባለው ብር በእጇ በሌለበት ሳምንት ሴትየዋ የምትቀንሰው መድኃኒቱን ነው። አጋሮቻችን ይህን ስሙልኝ፦ ዛሬ ለሚኒባስ የምንከፍለው የእናንተ ገንዘብ ቤንዚን ሆኖ ይቀራል። ከእሱ ከፊሉ ለፋርማሲው የአገልግሎት ክፍያ ይዙር ነው የምለው። በቂ መሆን አለመሆኑን በጥቂት ፋርማሲዎች ሞክረን ቁጥሩን አቀርብላችኋለሁ።

ለምን አሁን? በጥር 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቆም፣ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ የጤና ሠራተኞች ውላቸው እንዲቋረጥ የጤና ሚኒስቴር ለክልሎች መጻፉን ሁላችንም ሰምተናል። ያን ሰሞን ቢሯችን የመጡ አባላት የሚጠይቁኝ ስለ ብድር አልነበረም፤ «መድኃኒቱ ይቆማል ወይ?» ነበር። መድኃኒት የምናገኝበት በር አንድ ብቻ ሲሆን የሚያስፈራው ለዚህ ነው። እርግጥ ፋርማሲም ከመንግሥት ካልቀረበለት ባዶ ነው፤ የአቅርቦቱን ችግር ይፈታል አልልም።

ፈቃድና መመሪያ የሚሰጠው የክልሉ ጤና ቢሮ ስለሆነ ኮሚቴው ደብዳቤ ይዞ ይሄዳል። ከዚያ በፊት ግን የእናንተን ሐሳብ እንፈልጋለን። ከሻይ በኋላ ጠረጴዛዬ ላይ ቅጽ አለ፤ ስም አይጻፍበትም። ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው፦ ከፋርማሲ መውሰድ ትፈልጊያለሽ? በየትኛው ክፍለ ከተማ? በስንት ሰዓት ይመችሻል? ማንበብ የሚያስቸግራችሁ እናቶች ወደ እኔ ኑ፣ ለብቻችን ሆነን አነብላችኋለሁ። «አልፈልግም» የሚለውም መልስ ነው፤ ምክንያቱን ጻፉልኝ።