ልጆቻችንና ሒሳብ፦ መንገድ ማብዛት ወይስ ደጋግሞ መሥራት?

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

 

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ልጆቻችን የሒሳብ ትምህርት ነው። አንዳንዶቻችን «ልጅ ሒሳብ የሚችለው ደጋግሞ ሲሠራ ነው» እንላለን። ሌሎቻችን ደግሞ «ሳይገባው ቢደጋግም ምን ይጠቅመዋል? በተለያየ መንገድ ይታየው» እንላለን።

ነገሩ ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ፈተናው የ12ኛ ክፍል ይሁን እንጂ መሠረቱ የሚጣለው ልጆቹ ገና ከእኛ ጉያ ሳይርቁ ነው።

ከገበያ እንነሳ። የአንድ ኪሎ ሽንኩርት ዋጋ 45 ብር ቢሆን 7 ኪሎ ስንት ይሆናል? ተማሪው «7 ጊዜ 5፣ 35፤ 5 ጽፌ 3 ያዝኩ» እያለ 315 ይደርሳል። በከሚሴ ወይም በባቲ የሰኞ ገበያ የምትሸጥ እናት ግን እርሳስ ላትይዝ ትችላለች። የአንዱን 45፣ የሁለቱን 90፣ የአራቱን 180 ብላ ሦስቱን ብትደምር እሷም 315 ታገኛለች። እንዲህ በእጥፍ እየሄዱ ማባዛት በውጭ አገር መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዛት» ተብሎ ይጠራል። ስለዚህ «እኔ አልተማርኩም፣ ልጄን በምን አግዘዋለሁ?» የምንል ካለን፣ የምናስተምረው አለን።

ሁለት መንገድ ልጁን አያደናግረውም ወይ? ብዙዎቹ ልጆቻችን በትምህርት ቤት በአፋን ኦሮሞ ይማራሉ፣ ገበያ ላይ በአማርኛ ይቆጥራሉ። «ኩዳ ሻን» ሲባልም «አሥራ አምስት» ሲባልም አሥርና አምስት መሆኑ አይጠፋቸውም። የሚያደናግረው አንዱ መንገድ በቅጡ ሳይያዝ ሌላው ሲደረብበት ነው።

እኛ በሒሳብ ሥራ ላይ ያለን ከላይ ወደ ታች የደመርነውን ከታች ወደ ላይ ደግመን እንደምራለን። ልዩነት ከመጣ ለ9 እናካፍለዋለን፤ ያለ ቀሪ ከተካፈለ፣ 450ን 540 ብሎ እንደ መጻፍ ያለ የአሃዝ መገላበጥ ይኖር ይሆናል ብለን እንፈልጋለን። ሁለተኛው መንገድ የመጀመሪያውን ይቆጣጠርልናል። ይህን የምንችለው ግን መደመሩ ራሱ በድግግሞሽ እጃችን ውስጥ ስለገባ ነው። 7 ጊዜ 5ን ለማግኘት ጣቱን የሚቆጥር ልጅ እስኪጨርስ ድረስ ጥያቄው ይጠፋዋል።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው። መጀመሪያ በባቄላ ወይም በጠጠር እየከመረ ትርጉሙን ይይ። ቀጥሎ መምህሩ ያሳየውን መንገድ ይያዝና ማታ ማታ፣ ቡናው እስኪፈላ፣ አሥር ደቂቃ ይለማመድ። ሲለምደው ሁለተኛውን መንገድ እንጨምርለት፤ መልሱን ያረጋግጥበታል። ደብተሩ ላይ የመምህሩን መንገድ ይጻፍ። በሌላ መንገድ ትክክለኛውን መልስ ቢያመጣ ግን «እንዴት አገኘኸው?» እንበለው እንጂ አንቆጣው። በቁጣ የተማረ ልጅ ቁጥር ሲያይ ይሸሻል።

ከዚህ ወር ጀምሮ የቁጠባ ደብተራችንን ለልጆቻችን እንስጣቸው። በሳምንት 50 ብር ብንቆጥብ በ12 ሳምንት ስንት ይሆናል? አንዴ በማባዛት፣ አንዴ በመደመር ያውጡልን። 600 ብሩ በሁለቱም መንገድ ሲመጣ የገዛ እናታቸው ገንዘብ ስለሆነ አይረሱትም።