ፀሐይ መትረየስ ብትታጠቅ ኖሮ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ለዚህ በዓል ንግግር እንድናሰማ በታዘዝን ጊዜ ርእስ ፍለጋ ብዙ አልደከምንም። በመካከላችን ተነሥቶ ሳምንት ሙሉ ያከራከረን ነገር ስለ ነበረ እሱኑ ለማቅረብ ተስማማን። ክርክሩን ያስነሣው የአንዲት ትንሽ አይሮፕላን ፎቶግራፍ ነው።

አይሮፕላኒቱ «ፀሐይ» ትባላለች። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ በአገራችን የሠራት ናት፤ የበረረችውም በ1928 ዓ.ም. ነው። ስሟ የወጣላት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ነው። ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ክንፎቿ በላይና በታች የተደረቡ፣ 115 የፈረስ ጉልበት ባለው ሞተር የምትሄድ፣ ፍጥነቷም በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር የማያልፍ፣ ለማስተማሪያና ለቀላል ጉዞ የምትሆን አይሮፕላን ናት። ኢጣልያኖች ወደ አገራቸው ወስደው በአየር ኃይል ሙዚየማቸው ለብዙ ዓመታት ካቆዩአት በኋላ፣ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ መልሰዋታል።

ፎቶግራፉን ስንመለከት አንዱ ጓደኛችን ተቈጣና፣ «አይሮፕላን ከነበረን ለምን መትረየስ አላሰሩባትም? የጠላት ጦር ከደሴ ተነሥቶ ጣርማበርን አልፎ በደጃችን በደብረ ብርሃን ሲሄድ እሷ ምን ትሠራ ነበር?» አለ።

ቁጣው ከባዶ የመጣ አይደለም። ደሴ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ከሰማይ እንደ ተደበደበች፣ በ1931 ዓ.ም. በመንዝ አመጸኛ ዋሻ የተጠለሉ ሰዎች በመርዝ ጋዝ እንዳለቁ በዚህ አገር ያደገ ልጅ ሁሉ ከታላላቆቹ ይሰማል። እኛም ራሳችን በ2014 ዓ.ም. ከሰሜን የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ደብረ ብርሃን ገብተው ሲጠለሉ አይተናል። የጦርነትን ነገር በመጽሐፍ ብቻ የምናውቅ ልጆች አይደለንም። በዚያን ጊዜ ከመካከላችን «ደብተር ምን ያደርጋል?» ብሎ ያላሰበ አልነበረም። ስለዚህ ጥያቄው የአይሮፕላን ብቻ ሳይሆን የእኛም ጥያቄ ሆነ።

በመጀመሪያ ነገሩን በሒሳብ እንመልከተው ተባባልን። ኢጣልያኖች በ1928 ዓ.ም. ከተጠቀሙባቸው የቦምብ አይሮፕላኖች አንዱ የሆነው ካፕሮኒ 133 በሰዓት ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ይበር ነበር። ከደብረ ብርሃን እስከ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለቱ እኩል ከደብረ ብርሃን ቢነሡ፣ ካፕሮኒው በግማሽ ሰዓት አዲስ አበባ ሊደርስ ሲቃረብ ፀሐይ ገና አለልቱ አካባቢ ናት። ተዋጊ አይሮፕላን ማለት ጠላቱን አሳድዶ የሚደርስ ማለት ነው፤ የማይደርስ ከሆነ መትረየሱ ለጌጥ ነው።

ሁለተኛው ችግር የራሳችን ደጋ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። አየር ሲሳሳ ሞተሩ ጉልበቱን ያጣል፤ ክንፉም የሚደገፍበት ያንሰዋል። በዚህ ላይ መትረየስ፣ ጥይትና ማሰሪያ ሲጨመርባት ፀሐይ ከመሬት ለመነሣት እንኳ ረጅም ሜዳ ትፈልጋለች። መትረየሱ በፊት በኩል ከታሰረ ደግሞ የገዛ ጥይቷ ፕሮፔለሯን እንዳይሰብር የተኩሱን ጊዜ ከሞተሩ ዙር ጋር የሚያስማማ መሣሪያ ያስፈልጋል። ይህን ለመሥራት የሠለጠነ መካኒክ፣ መለዋወጫና ጊዜ ይፈልጋል፤ በ1928 ዓ.ም. ደግሞ ሦስቱም አልነበሩንም።

ይህን ሒሳብ ስናሳየው ጓደኛችን ዝም አላለም። «እንግዲያውስ ሌሎች አገሮች የማስተማሪያ አይሮፕላን ይዘው እንዴት ተዋጉ?» ብሎ ጠየቀ። እውነቱን ነው፤ ተዋግተዋል። የሶቪየት ሰዎች በ1920 ዓ.ም. ገደማ የሠሩት ፖ-2 የሚባል የማስተማሪያ አይሮፕላን ነበራቸው። እንደ ፀሐይ ድርብ ክንፍ ያለው፣ ጉልበቱ ከእርሷ ጉልበት የማይበልጥ፣ ፍጥነቱም እንደ እርሷ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቦምብ አሰሩበትና በሌሊት አዘመቱት። ሴቶች ብቻ ያሉበት አንድ ክፍለ ጦር ሞተሩን ዝግ እያደረገ በጨለማ በጠላት ላይ እየተንሳፈፈ በመውረድ፣ በጦርነቱ ዘመን ከ20,000 ጊዜ በላይ ወጥቶ ተዋግቷል።

ወደ እኛው አገር ታሪክ ስንመለስም ተመሳሳይ ነገር እናገኛለን። ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በ1928ቱ ጦርነት የቀይ መስቀል አይሮፕላን ይዞ በሽተኞችን ለመርዳት ኢትዮጵያ መጥቶ ነበር። ከድል በኋላም ተመልሶ ከ1938 እስከ 1948 ዓ.ም. ድረስ በቢሾፍቱ አየር ኃይላችንን በማቋቋምና በማሠልጠን ሠራ። በ1939 ዓ.ም. ሳፊር በምትባል ትንሽ የማስተማሪያ አይሮፕላን ከስቶክሆልም ተነሥቶ ከ30 ሰዓት በላይ ሳያርፍ በመብረር አዲስ አበባ ገብቷል። ይኸው ሰው በግንቦት 1961 ዓ.ም. አምስት ትንንሽ የስዊድን የልምምድ አይሮፕላኖችን ከክንፋቸው ሥር ሮኬት አስሮ በቢያፍራ ጦርነት አዋግቷቸዋል። በመጨረሻም ሐምሌ 1969 ዓ.ም. በኦጋዴን በጎዴ ተገደለ።

እንግዲህ የማስተማሪያ አይሮፕላን ወደ ተዋጊነት ሊለወጥ ይችላል ማለት ነው። ታዲያ የሶቪየቷ ስትዋጋ የእኛዋ ለምን አልተዋጋችም?

ክርክራችን የተፈታው እዚህ ላይ ነው። ፖ-2 በብዙ ሺህ የሚቆጠር ነበር፤ ጦርነቱ ከመምጣቱም በፊት ብዙ ወጣቶች በበረራ ክበቦች ሠልጥነው ነበር። በእኛ አገር ግን መንግሥታችን የገዛው የመጀመሪያው አይሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ ለብቻቸው መብረር የጀመሩት በ1923 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ጠላት መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ድንበራችንን ሲጥስ ከዚያ ወዲህ ገና አምስት ዓመት ማለፉ ነበር። በዚያን ጊዜ የነበሩን አይሮፕላኖች ከ15 አይበልጡም፤ አብራሪዎቻችንም በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ጥቁር አሜሪካዊው ጆን ሮቢንሰን መጥቶ ሲመራቸው እንኳ ዋና ሥራቸው መልእክትና ሰው ማመላለስ ነበር። በጦር ሜዳ ለመዋጋት የሚያስችል መሣሪያ አልነበራቸውም።

ከታሪኩ ሁሉ ያስደነቀን አንድ ቀን ነው። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት በራስ ጉግሣ ወሌ ሠራዊት ላይ ቦምብ የጣለ አይሮፕላን የእኛ መንግሥት ነበር። ልክ በስድስተኛው ዓመት፣ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው፣ ሰማዩ ሙሉ በሙሉ የጠላት ሆነ። በእነዚያ ስድስት ዓመታት ውስጥ አንድ ሰው ሌላውን እያስተማረ፣ ያም ሌላውን እያስተማረ ቢሄድ ኖሮ ነገሩ ሌላ በሆነ ነበር። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ፀሐይ የተሠራችው የሚያስተምሩባት ጊዜ በማይኖርበት ሰዓት ነው።

ይህን ስንል አባቶቻችን እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ ማለታችን አይደለም። ኃይለ ማርያም ማሞ አይሮፕላን ሳይጠብቁ ሚያዝያ 26 ቀን 1928 ዓ.ም. እዚሁ አጠገባችን ጫጫ ላይ የጠላትን ጦር አድፍጠው መትተዋል። በአንኮበርና በመንዝ ገደላ ገደልም ራስ አበበ አረጋይና ሌሎቹ አርበኞች አምስት ዓመት ተዋግተዋል። ጀግንነት አላነሰንም። ያነሰን አስቀድሞ የተማረ ሰው ነው፤ ለጎደለውም ትምህርት ዋጋውን የከፈሉት እነዚያ ጀግኖች በደማቸው ነው።

አይሮፕላኒቱ የተሰየመችባት ልዕልት ፀሐይም ይህንኑ ታስተምረናለች። በስደት እንግሊዝ አገር በነበረችበት ጊዜ ከዓመታት ትምህርት በኋላ ነርስ ሆና ወጣች፤ ወደ አገሯ ተመልሳም በሽተኞችን ስትረዳ ቆይታ በ1934 ዓ.ም. በወጣትነቷ አረፈች። ጦርነት ስለ መጣ መማር አልተወችም።

የማስተማሪያ አይሮፕላን ሁለት መሪ አለው። አንደኛውን መምህሩ ይይዘዋል፤ ሁለተኛውን ተማሪው። ተማሪው ሲሳሳት መምህሩ ያቃናዋል፤ አንድ ቀን ግን መምህሩ ይወርድና ተማሪው ብቻውን ይነሣል። ክቡራን መምህሮቻችን፣ እናንተ እስከ ዛሬ መሪውን አብራችሁን ይዛችኋል። በዚህ ዓመት ልትወርዱ ነው። አንዳንድ ጊዜ ትምህርቱ ዘገየብን ብለን ማጕረምረማችንን እናውቃለን፤ ይቅርታ እንጠይቃችኋለን።

ተቈጥቶ የነበረው ጓደኛችን በመጨረሻ የተናገረውን እንንገራችሁና እንፈጽም። «ጥያቄዬን ቀይሬዋለሁ» አለ፤ «ለምን መትረየስ አልታጠቀችም ብዬ አልጠይቅም። ለምን አንዲት ብቻ ሆነች ብዬ ነው የምጠይቀው።»

እኛም ከእርሱ ጋር ተስማምተናል። ከእኛ ኋላ የምትመጡ ታናናሾቻችን ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆነውን ሥራ አብራችሁን ትሠሩ ዘንድ አደራ እንላለን።