ገበታና መንግሥት፦ ስለ ውፍረት፣ ስለ ዕድሜና ስለ ስኳር ግብር የቀረበ ዲስኩር



ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለባቸው ሰዎች ቁጥር በ2022 በዓለም ዙሪያ ከ1 ቢሊዮን በላይ ደርሷል። (በዚህ ዲስኩር የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከውፍረቱ ጋር የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት፣ የልብ ሕመምና አንዳንድ የካንሰር ዓይነቶች ይመጣሉ። ታዲያ መንግሥት ምን ያድርግ? ሰው የሚበላውንና የሚጠጣውን ራሱ ይወቅበት ብሎ ይተው? ወይስ በግብርና በሕግ ጣልቃ ይግባ? የዚህ ዲስኩር አቋም ጣልቃ መግባት አለበት የሚል ነው። ጫናው ግን አስቀድሞ ማረፍ ያለበት ስኳሩን በሚጨምረው አምራች ላይ ነው። ባለፉት ዓመታት የጸኑትንና የፈረሱትን ሕጎች ጎን ለጎን ላስተያየ ሰው ይህ በግልጽ ይታያል።

ክርክሩ የሚጀምረው ከቁጥር ነው። በ2004 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ተመራማሪዎች ጥሩ ያልሆነ አመጋገብና የአካል እንቅስቃሴ ማነስ በአንድ ዓመት 400 ሺህ ያህል አሜሪካውያንን ገድለዋል ሲሉ ጻፉ። ዓመት ሳይሞላ በስሌቱ ላይ ስሕተት ተገኝቶ ቁጥሩ ወደ 365 ሺህ ዝቅ አለ። በ2005 ደግሞ የዚያው ማዕከል ተመራማሪ ካትሪን ፍሌጋልና ባልደረቦቻቸው በሌላ መንገድ አስልተው ከውፍረት ጋር የተያያዘውን ሞት 112 ሺህ ገደማ አደረሱት። በዚያው ዓመት ጄይ ኦልሻንስኪና ሌሎች ምሁራን ውፍረት ካልተገታ የአሜሪካውያን አማካይ የዕድሜ ጣሪያ በክፍለ ዘመኑ አጋማሽ ሊያሽቆለቁል እንደሚችል አስጠነቀቁ።

የዕድሜ ጣሪያው በእርግጥም አሽቆለቆለ። በ2014 ከነበረበት 78.9 ዓመት በ2017 ወደ 78.6 ወረደ፤ በኮቪድ ዘመን፣ በ2021፣ 76.4 ላይ ደረሰ። ይሁንና ለመጀመሪያው ቅናሽ በዋናነት የተጠቀሱት ከመጠን በላይ የተወሰደ አደንዛዥ ዕፅና ራስን ማጥፋት ነበሩ። ውፍረትን ብቸኛ ገዳይ አድርጎ ማቅረብ ስለዚህ እውነቱን ያዛባል፤ ለተቃዋሚዎችም መሣሪያ ያቀብላል። በምግብ ቤቶችና በምግብ ኩባንያዎች ገንዘብ የሚንቀሳቀሰው የሸማቾች ነፃነት ማዕከል የ400 ሺህውን ቁጥር መውደቅ ይዞ፣ የውፍረት ስጋት ሁሉ የተጋነነ ወሬ ነው የሚል ማስታወቂያ በጋዜጣ አውጥቷል። የተጋነነው ግን አንዱ ስሌት እንጂ በሽታው አልነበረም። በስኳር በሽታ ምክንያት እግሩን ላጣ ሰው የሟቾቹ ቁጥር 112 ሺህም ሆነ 365 ሺህ ለውጥ የለውም።

ሕግ በሚጠጣው ሰው ላይ ሲያነጣጥር ምን እንደሚገጥመው ኒውዮርክ አሳይታለች። በ2012 ከንቲባ ማይክል ብሉምበርግ ምግብ ቤቶች፣ ሲኒማ ቤቶችና ስታዲየሞች ስኳር ያለበትን ለስላሳ ከ473 ሚሊ ሊትር በሚበልጥ ብርጭቆ እንዳይሸጡ የሚከለክል ደንብ አቀረቡ። ያው የሸማቾች ነፃነት ማዕከል ከንቲባውን የሴት ቀሚስ አልብሶ፣ ሞግዚት አስመስሎ የጋዜጣ ሙሉ ገጽ ላይ አወጣቸው። ምስሉ የተሠራው ለማሾፍ ቢሆንም ደንቡ በራሱ ክፍተት ነበረው። የከተማዋ ጤና ቦርድ በግዛቱ አስተዳደር ሥር ያሉ ሱቆችን የመቆጣጠር ሥልጣን ስላልነበረው፣ በሲኒማ ቤት የተከለከለው ትልቅ ብርጭቆ ማዶ ካለው ሰቨን ኢሌቨን ሱቅ እንደ ልብ ይገኝ ነበር። ሥራ ላይ ሊውል አንድ ቀን ሲቀረው፣ በመጋቢት 2013፣ ዳኛ ሚልተን ቲንግሊንግ ደንቡን ሻሩት። በቀጣዩ ዓመት የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም ውሳኔውን አጸና።

የዴንማርክም ዕጣ ከዚህ የራቀ አልነበረም። በጥቅምት 2011 ቅቤን፣ አይብንና ሥጋን ጨምሮ ጮማ በበዛባቸው ምግቦች ላይ ግብር ጣለች። ዜጎች መኪናቸውን እያስነሱ ድንበር ተሻግረው ጀርመንና ስዊድን መሸመት ጀመሩ፤ ነጋዴውም የሒሳብ አያያዙ ውስብስብ ሆነብኝ ብሎ አማረረ። ግብሩ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው በ2013 መጀመሪያ ተነሣ።

ብሪታንያ የሄደችበት መንገድ ሌላ ነው። የገንዘብ ሚኒስትሩ ጆርጅ ኦስቦርን በመጋቢት 2016 የለስላሳ ግብር ሲያውጁ ለኩባንያዎች የሁለት ዓመት ጊዜ ሰጡ፤ ደረጃም አበጁለት። ግብሩ ሲጀመር በ100 ሚሊ ሊትር ከ5 ግራም በታች ስኳር ያለው መጠጥ ምንም አይከፍልም ነበር። 5 ግራምና ከዚያ በላይ ያለው በሊትር 18 ፔንስ፣ 8 ግራምና ከዚያ በላይ ያለው 24 ፔንስ ይከፍል ነበር። ግብሩ የሚጠየቀው ከአምራቹና ከአስመጪው ነው፤ ግብሩን ማምለጥ የፈለገ ኩባንያ ቀመሩን ይለውጣል ማለት ነው። ብዙዎቹም ለወጡ። ስኮትላንዳውያን እንደ ብሔራዊ መጠጣቸው የሚቆጥሩት አይርን ብሩ እንኳ በ100 ሚሊ ሊትር 10.3 ግራም የነበረውን ስኳር፣ ግብሩ በሚያዝያ 2018 ከመጀመሩ በፊት፣ ወደ 4.7 ግራም አወረደው። ወዳጆቹ ተቆጥተው የቀድሞውን ጣዕም በየቤታቸው አከማቹ። ኮካ ኮላ በበኩሉ ዋናውን መጠጥ ሳይነካ ግብሩን ለመክፈል መረጠ፤ ሕጉ ይህንንም አልከለከለውም። ማንም የሚወደውን ከመጠጣት አልታገደም፤ ከመደርደሪያው ላይ ያለው ስኳር ግን ቀነሰ። ቆየት ብሎ የወጣ ጥናት ከ10 እስከ 11 ዓመት ባሉ ልጃገረዶች ዘንድ ውፍረት፣ ያለ ግብሩ ሊሆን ይችል ከነበረው፣ በ8 በመቶ ማነሱን አገኘ። በወንዶች ልጆች ላይ ተመሳሳይ ለውጥ አልታየም።

ለግብሩ የሚቀርበው ጠንካራው ተቃውሞ ድሃውን ይጎዳል የሚለው ነው፤ በቀላሉ ሊታለፍም አይገባም። ሜክሲኮ በጥር 2014 በለስላሳ መጠጥ ላይ በሊትር 1 ፔሶ ስትጥል የታየው ግን ይህ ነው፦ በመጀመሪያው ዓመት ግብር የተጣለባቸው መጠጦች ግዢ በአማካይ በ6 በመቶ ሲቀንስ፣ በድሆቹ ቤተሰቦች ዘንድ ቅናሹ 9 በመቶ ደረሰ። በስኳር በሽታ ይበልጥ የሚጎዳውና ለሕክምናው አቅም የሚያጥረው ይኸው ድሃ ቤተሰብ ነው። ሆኖም በአገሪቱ ያለው ውፍረት በዚህ ብቻ አልወረደም፤ ከሦስት አዋቂ ሜክሲኳውያን ከአንድ በላይ የሚሆነው ዛሬም ውፍረት አለበት። ግብር ብቻውን መድኃኒት አይሆንም፤ ንጹሕ የመጠጥ ውኃ፣ የትምህርት ቤት ምግብና የማስታወቂያ ገደብ አብረውት መሄድ አለባቸው። ቺሊ በ2016 ስኳር፣ ጨውና ጮማ በበዛበት እሽግ ላይ ጥቁር ባለ ስምንት ጎን ምልክት አስለጥፋ፣ ልጆችን የሚያማልሉ የካርቱን እንስሳትን ከቁርስ ካርቶኖች ላይ ያስነሣችው ለዚህ ነው።

ጉዳዩ ለአማርኛ ተናጋሪዎችም ሩቅ አይደለም። በ1980ዎቹና በ1991 ወደ እስራኤል በገቡት ቤተ እስራኤላውያን ዘንድ የስኳር በሽታ እምብዛም አይታወቅም ነበር። ጤፉና ሽሮው ለነጭ ዳቦና ለጣፋጭ መጠጥ ቦታ ሲለቅ፣ በእርሻና በእግር ጉዞ የሚያልፈውም ቀን ሲቀየር፣ በሽታው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተስፋፋ። እስራኤል በ2020 በታሸገ ምግብ ላይ ቀይ ምልክት አስገባች፤ በ2022 የለስላሳ ግብር ጣለች። ብዙ ልጆች ያሏቸው አክራሪ ሃይማኖተኛ ቤተሰቦች ግን ግብሩን በእኛ ላይ የተነጣጠረ ነው ብለው ስላዩት፣ መንግሥት ሲለወጥ በ2023 ተሰረዘ። አንድ ማኅበረሰብ ቅጣት ሆኖ የተሰማውን ሕግ አይጠብቀውም።

በኢትዮጵያ በ2019 በተደረገ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው በምግብ እጥረት የቀነጨሩ ነበሩ፤ በከተሞች ደግሞ የስኳርና የደም ግፊት ሕሙማን እየበዙ ነው። በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ለስላሳ መጠጦችን ያካትታል። አዋጁ ሲከለስ ሕግ አውጪዎች የታክሱን መጠን በጠርሙሱ ውስጥ ባለው የስኳር ግራም ልክ ቢደረድሩት፣ ለፋብሪካዎች የማስተካከያ ጊዜ ቢሰጡና ከገቢው የተወሰነውን ለትምህርት ቤቶች ንጹሕ ውኃ ማስገቢያ ቢመድቡ፣ ብሪታንያና ሜክሲኮ በዓመታት ልፋት የደረሱበትን ከጅምሩ ይይዙታል።