የሌሊት ወፍን ሳንቀሰቅስ እንወቃት
(በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተሰጠ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ በገደሉ ሥር ያለው ዋሻ ይታጠን፣ የሌሊት ወፎቹ ይውጡልን የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። ከዚያም በፊት ልጆቻችን ችቦ ይዘው ገብተው ሲያተራምሱ፣ በማግሥቱ መሬት ላይ የረገፉትን አይተናል። ልጆቹን ብቻ አንወቅስም፤ እኛም አልከለከልናቸውም። ስለዚህ ከመወሰናችን በፊት እንነጋገርበት ብለን ነው።

ስሟ ወፍ ይሁን እንጂ ትወልዳለች፣ ታጠባለች። አብዛኛዎቹ ዓይነቶች በዓመት አንድ ግልገል ብቻ ነው የሚወልዱት። ስለዚህ ያለቀ ቶሎ አይተካም። በአገራችን ከ70 በላይ ዓይነቶች አሉ። የሚበዙት ትንኝ፣ የእሳት እራትና ጥንዚዛ በሊታዎች ናቸው። ለሐይቅ ሰው መቼም ስለ ትንኝ አይነገረውም!

በብርድ አገር፣ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ፣ ዋሻ ገብታ ለወራት ትተኛለች፤ ስንቋ በሰውነቷ ያጠራቀመችው ስብ ነው። ከቀሰቀሷት ስቡን ታቃጥልና ብርዱ ሳያልቅ ትሞታለች። እኛ ዘንድ እንደዚያ ያለ በረዶ የለም። ቢሆንም ቀን ማረፊያዋ ነው፤ በጭስ የተባረረች እናት ግልገሏን ልትጥል ትችላለች።

ታዲያ ሳንገባ እንዴት እንለያቸው?

አንደኛ፣ ማምሻውን ከዋሻው አፍ ራቅ ብሎ፣ ወደ ጎን ተቀምጦ ሲወጡ መቁጠር ነው። መብራት አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ ኩሳቸውን ከደጅ ማየት ነው። የነፍሳት በሊታዋ የአይጥ ኩስ ይመስላል፤ ሲደርቅ ግን በእንጨት ቢነኩት ይፈረካከሳል። የፍሬ በሊታዋ እርጥብ ነው፤ ድንጋዩ ላይ ይረጫል፣ የሾላ ፍሬ ዘርም አይጠፋበትም።

ሦስተኛ፣ መልኳን በሩቁ ማስተዋል ነው። ፍሬ በሊታዋ ፊቷ የውሻ፣ ዓይኗ ትልቅ ነው። ከነፍሳት በሊታዎቹ አንዷ አፍንጫዋ ላይ የፈረስ ኮቴ የመሰለ ቆዳ አላት፤ ክንፏን እንደ ጋቢ ተከናንባ ትንጠለጠላለች። ሌሎቹ ስንጥቅ ውስጥ ይወሸቃሉ።

አደጋውንም አንደብቅም። በ2018 ዓ.ም. ኅዳር ወር በጂንካ የማርበርግ በሽታ መከሠቱ ታውጇል። ቫይረሱን የሚሸከመው በዋሻ የሚኖር አንድ ፍሬ በሊታ ዓይነት ነው። እንግዲያው ይፈጁ ትሉ ይሆናል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2007 በዑጋንዳ ኪታካ ማዕድን ማውጫ ሠራተኞች ታመው፣ ከዚያ በኋላ የሌሊት ወፎቹ ተፈጅተው ነበር። ቆይተው ተመልሰው በሰፈሩት ላይ ግን ቫይረሱ ከበፊቱ በዝቶ ተገኘ።

ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው፦ ዋሻው አይታጠን፤ ማንም አይግባ፤ ማንም በእጁ አይንካ። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በውሃና በሳሙና ደጋግሞ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ። ወጣቶች ማምሻውን ቆጥረው ለጸሐፊው ያስመዝግቡ። የምትቃወሙ ካላችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ ተናገሩ፤ እንሰማለን።