ውኃው ሲጠራ አየሩን ማን ይመዝን?
ስለ ኢንዱስትሪ የሚቴን ልቀትና ስለ መንግሥት ቁጥጥር በሐዋሳ ከተማ የተደረገ ንግግር




በሐይቅ ዳር በተቆረቆረች ከተማ ስለ ፋብሪካ ብክለት እንዲናገር የተጠየቀ መሐንዲስ ስለ ውኃ ይናገራል ተብሎ ቢጠበቅ ተገቢ ነው። እኔም ከውኃው እነሣለሁ። ይሁን እንጂ የንግግሬ ዋና ፍሬ ነገር ከውኃው ተነሥቶ ወደ አየር የሚወጣው፣ ዓይን የማያየውና አፍንጫ የማያሸተው ሚቴን የተባለው ጋዝ ነው። ፍሳሽን እናጣራለን ስንል ቆሻሻውን ከቦይ ወደ ሰማይ ማዛወራችን ብቻ እንዳይሆን፣ ይህንንም የሚቆጣጠር ሥርዓት ሳይኖር ፋብሪካዎቻችን እንዳይበዙ ያለኝን ሐሳብ ለማቅረብ እወዳለሁ።

እንደሚታወቀው የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ የለውም። ስፋቱ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝ የጨለለቃን ረግረግ አቋርጦ የሚመጣው ጥቁር ውኃ ብቻ ነው። የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል፤ ውኃው በትነት ሲሄድ ጨውና ዝቃጩ ይከማቻል። የጨርቃ ጨርቁ፣ የቢራው፣ የለስላሳ መጠጡ ፋብሪካ ሁሉ የቆመው በዚሁ ተፋሰስ ውስጥ ነው። ስለዚህም በአሞራ ገደል ዓሣ የሚገዛ ሰው፣ ሳያውቀውም ቢሆን፣ የፋብሪካ ፍሳሽ ባለጉዳይ ነው። በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀምበት፣ ወደ ሐይቁም ጠብታ እንዳይለቅ ታስቦ የተነደፈውም ይህ የመልክዓ ምድር እውነት ስላስገደደ ነው። በውኃ ረገድ ጥያቄው ቢያንስ በትክክል ተጠይቋል ለማለት ይቻላል። በአየር ረገድ ግን ገና አልተጠየቀም።

ሚቴን ማለት እንስሳት ሲያመሰኩ፣ ረግረግ ሲብላላ፣ ቆሻሻ አየር በማያገኝበት ቦታ ሲበሰብስ የሚወጣ ጋዝ ነው። የተፈጥሮ ጋዝ የምንለውም በአብዛኛው ይኸው ነው። በአየር ውስጥ የሚቆየው ወደ 12 ዓመት ያህል ብቻ ቢሆንም፣ በክብደት ሲነጻጸር ሙቀትን በማመቅ ረገድ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ በ100 ዓመት ስሌት 28 እጥፍ ያህል፣ በ20 ዓመት ስሌት ደግሞ ከ80 እጥፍ በላይ ይበረታል። ከአየር ጋር ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲደባለቅ ፍንጣሪ ካገኘው ይፈነዳል። የፍሳሽ ጉድጓድ ለመጥረግ የሚወርድ ሠራተኛ ከመውረዱ በፊት ጋዙ መለካት የሚኖርበትም ስለዚህ ነው። እንግዲህ ነገሩ የሩቅ የአየር ጠባይ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የአንድ የቀን ሠራተኛ ሕይወትም ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ማጣሪያው ኩሬ እንምጣ። የምግብ፣ የመጠጥና የመሳሰሉት ፋብሪካዎች ፍሳሽ ስኳር፣ ስታርችና ቅባት የተሸከመ ነው። ይህን ፍሳሽ በጥልቅ ኩሬ ውስጥ ብናቆየው፣ አየር የማይሹ ረቂቅ ተሕዋስያን ቆሻሻውን እየበሉ ወደ ጋዝ ይለውጡታል። ከኩሬው የሚወጣው ውኃ ከገባው ይልቅ የጠራ ይሆናል። ተቆጣጣሪውም ከመውጫው ቦይ ናሙና ቀድቶ በቤተ ሙከራ ሲመረምር ውጤቱ መልካም ሆኖ ያገኘዋል። ነገር ግን ቆሻሻው አልጠፋም፤ መልኩን ለውጦ በኩሬው አናት ላይ ተነነ እንጂ።

የዚህን መጠን በቀላል ሒሳብ ማሳየት ይቻላል። በቀን 1,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ የሚያወጣ አንድ ፋብሪካ እናስብ፤ ፋብሪካው ለስሌት የታሰበ እንጂ የማንም አይደለም። የፍሳሹ ኬሚካላዊ የኦክስጅን ፍላጎት በሊትር 2,000 ሚሊ ግራም ቢሆን፣ የቀኑ ጭነት 2,000 ኪሎ ግራም ነው። የአየር ንብረት ለውጥ በየነ መንግሥታት ፓነል እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ መሠረት ከአንዱ ኪሎ ግራም ቢበዛ 0.25 ኪሎ ግራም ሚቴን ይወጣል። ከዚህም ውስጥ ከ2 ሜትር የሚጠልቅ ክፍት ኩሬ 80 በመቶውን፣ ጥልቀቱ ከ2 ሜትር በታች የሆነው 20 በመቶውን ይለቅቃል፤ በሚገባ አየር የሚነፋበት ገንዳ ደግሞ ከዜሮ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ፋብሪካችን ጥልቅና ክፍት ኩሬ ቢኖረው በቀን 400 ኪሎ ግራም ሚቴን ይለቅቃል ማለት ነው። ይህም በ100 ዓመቱ ስሌት በዓመት ከ4,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ይስተካከላል።

ይኸው 400 ኪሎ ግራም ጋዝ በሌላ ዓይን ቢታይ ማገዶ ነው። ተሰብስቦ ቢቃጠል 20,000 ሜጋ ጁል ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ ይህም ከ500 ኪሎ ግራም ፈርነስ ኦይል ጋር የሚመጣጠን ነው። ሁሉንም መሰብሰብ ባይቻልም፣ ግማሹ እንኳ ቢያዝ በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛው የቦይለር ነዳጅ ትልቅ እፎይታ ይሆናል። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ በብሔራዊው የባዮጋዝ ፕሮግራም የተሳተፈ አርሶ አደር የጥቂት ከብቶቹን እበት አብላልቶ ጋዙን ለወጥ መሥሪያ ሲያውል፣ ባለ ብዙ ሚሊዮን ብር ፋብሪካ በኩሬው ላይ ክዳን ማድረግ አቅቶት ጋዙን ቢለቅቀው ሊያሳፍረው ይገባል።

እዚህ ላይ ሕጉ ምን ይላል የሚል ጥያቄ ይነሣል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በካይ የሚለውን ቃል ሲተረጕም ፈሳሹንና ጠጣሩን ብቻ ሳይሆን ጋዙንም ጨምሮ ነው። ይኸው አዋጅ የአካባቢ ተቆጣጣሪ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወደ ፋብሪካ እንዲገባ፣ ናሙና እንዲወስድ ሥልጣን ይሰጠዋል። ማንኛውም ሰውም፣ ጉዳዩ በቀጥታ እንደሚመለከተው ማስረዳት ሳያሻው፣ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። ብክለትን ለመቆጣጠር ከውጭ የሚገባ አዲስ መሣሪያ ሲረጋገጥ ከጉምሩክ ቀረጥ ነጻ እንደሚሆንም ተጽፏል። የኢንዱስትሪ ብክለትን ለመከላከል የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 159/2001 ደግሞ ፋብሪካው ራሱን የሚከታተልበት ሥርዓት እንዲዘረጋ፣ የሚያመነጨውን በካይና የሚያስወግድበትን መንገድ በጽሑፍ እንዲይዝና ሪፖርት እንዲያደርግ ያስገድደዋል።

እንግዲህ በእኔ አስተያየት የጎደለን አዋጅ አይደለም። የጎደለን ቁጥር ነው። አዋጁ ጋዝን በካይ ብሎ ሲጠራ፣ በተግባር የሚመረመረው ግን ከቦይ የሚቀዳው ጠርሙስ ነው። የሚለካው ይጠበቃል፤ የማይለካው ይረሳል።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሊቀርብ የሚችለውን ተቃውሞ አልሸሸውም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂያችን እንደሚያሳየው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአገሪቱ አጠቃላይ የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት ውስጥ ከ40 በመቶ በላይ የሆነው ከከብት እርባታ የመጣ ነበር፤ የኢንዱስትሪው ድርሻ ወደ 3 በመቶ ብቻ ነበር። ታዲያ በደሃ አገር ላይ፣ ገና ዳዴ በሚለው ኢንዱስትሪ ጫንቃ ላይ ይህን ሸክም መጫን ለምን አስፈለገ? ቢባል፣ ጥያቄው ተገቢ ነው።

መልሴ ሦስት ነው። አንደኛ፣ በየጋጣው ባለችው ላም ላይ መለኪያ ማንጠልጠል አይቻልም፤ የፋብሪካ ኩሬ ግን የታወቀ ባለቤት፣ የታወቀ በርና የታወቀ ቧንቧ አለው። ቁጥጥር የሚጀመረው ሊደረስበት ከሚችለው ነው። ሁለተኛ፣ ኢንዱስትሪው ትንሽ ነው ማለት ያድጋል ማለት ነው። ኩሬ ከመቆፈሩ በፊት ክዳን መንደፍ፣ ተቆፍሮ ከሞላ በኋላ ከማፍረስ እጅግ ይረክሳል፤ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውም ለዚሁ ነው። ሦስተኛ፣ ከተገኘ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያለፈው የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ በመስከረም ወር 2018 ዓ.ም. የመጀመሪያው ምዕራፍ ተመርቆ ወደ ምርት ገብቷል። እዚያ የሚመረተው ራሱ ሚቴን ነው። ከቫልቭና ከቧንቧ መጋጠሚያ የሚሾልከውን የሚፈልግ ተቆጣጣሪ ከአሁኑ ካልሠለጠነ መቼ ሊሠለጥን ነው? የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ደንብ የነዳጅ፣ የጋዝና የድንጋይ ከሰል ድርጅቶች ልቀታቸውን እንዲለኩ፣ ፍንጣቂውን እየፈለጉ እንዲጠግኑ አስገድዷል። አገራችንም እ.ኤ.አ. በ2021 በግላስጎው ይፋ በሆነውና የዓለምን የሚቴን ልቀት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከ2020ው መጠን በ30 በመቶ ለመቀነስ በታለመው የጋራ ቃል ኪዳን ውስጥ ገብታለች። ቃል የገባ ሰው ደግሞ ሚዛን ሊኖረው ይገባል።

ቆሻሻ ሲከማች የሚከተለውን አደጋ አገራችን በመራራ ሐዘን አይታዋለች። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ወገኖቻችን ሞተዋል። ያን ሁሉ ሕይወት ያጠፋው የክምሩ መናድ ነበር። ነገር ግን በእንዲህ ያለ ክምር ሆድ ውስጥ ተቀብሮ የሚበሰብሰው ሁሉ ሚቴን እንደሚያመነጭ እናውቃለን። ከዚያ ወዲህ በቦታው የተሠራበት፣ ከጃፓን የመጣው የፉኩኦካ ዘዴ ክምሩ በቧንቧ እንዲተነፍስ በማድረግ ፍሳሹን ያስወጣል፣ የሚቴኑንም መጠን ይቀንሳል። መሣሪያው ቧንቧና ጠጠር ነው፤ ለደሃ አገር የሚከብድ አይደለም።

ጋዙን በምን እንለካዋለን? የሚል ይኖራል። በሳተላይት መለካት ዛሬ የተለመደ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2017 የመጠቀው የአውሮፓ ሳተላይት መሣሪያ ሚቴንን በዓለም ዙሪያ ያያል። ሆኖም በአንድ እይታ የሚሸፍነው ቦታ በርካታ ኪሎ ሜትር ስፋት ስላለው ግዙፍ ፍንጣቂን እንጂ የአንድ ፋብሪካን ኩሬ ለይቶ አያሳይም፤ ደመናም ይጋርደዋል። ስለዚህ ሰማዩን መጠበቅ የለብንም። ለመጀመር የሚያስፈልጉን ቁጥሮች ሦስት ናቸው፤ እነርሱም የፍሳሹ መጠን፣ የገባውና የወጣው ቆሻሻ ጭነት፣ እንዲሁም የኩሬው ጥልቀትና አሠራር ናቸው። ቀደም ብዬ ያሳየሁት ሒሳብ የሚሠራው በእነዚህ ነው።

ችግሩ ግን የቁጥሩ እውነተኛነት ላይ ነው። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ፋብሪካ ለሥራ በሄድኩ ጊዜ የፍሳሹ መለኪያ ከቆመ ወራት አልፎት ነበር፤ መዝገቡ ግን በየቀኑ ይሞላል። ቅዳሜም እሑድም፣ ምርት በነበረበትም ባልነበረበትም ቀን አንድ ዓይነት ቁጥር ተጽፎበት አየሁ። መዝጋቢው ወጣት ሲጠየቅ፣ ባዶ መተው አይፈቀድም ተብያለሁ አለ። በእርሱ መፍረድ አይገባም። የታዘዘው እንዲለካ ሳይሆን እንዲሞላ ነበርና። ቁጥጥር በወረቀት ላይ ብቻ ሲቆም ፍጻሜው ይህ ነው።

ስለሆነም የሚከተሉትን አራት ነጥቦች ለማኅበራችንና ለሚመለከታቸው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ፋብሪካዎች በሚያቀርቡት ሪፖርት ላይ የሚቴን ልቀት የሚል አንድ መስመር ይጨመር፤ ስሌቱም ከነመነሻ ቁጥሮቹ አብሮ ይቅረብ።

ሁለተኛ፣ የፍሳሽ መለኪያ እንደ ገበያ ሚዛንና እንደ ነዳጅ መቅጃ ማሽን በየጊዜው ይፈተሽ፣ በማኅተምም ይታሸግ። ለአንድ ሊትር ቤንዚን የምንጠነቀቀውን ያህል ሐይቅ ለሚነካ ፍሳሽ መጠንቀቅ አይበዛም።

ሦስተኛ፣ ናሙና በአንድ ሰዓት ተቀድቶ የሚሄድ ሳይሆን ሌሊቱንና የገንዳ እጥበቱን ሰዓት ጨምሮ 24 ሰዓት እየተጠራቀመ የሚወሰድ ይሁን። ከሦስት ተከፍሎም አንዱ ለፋብሪካው፣ አንዱ ለተቆጣጣሪው ይሰጥ፤ ሦስተኛው ክርክር ቢነሣ እንዲፈታበት ታሽጎ ይቀመጥ።

አራተኛ፣ በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ሲቀርብ ውኃው ወዴት ይሄዳል ከሚለው ጥያቄ ጎን ጋዙ ወዴት ይሄዳል የሚለውም ይጠየቅ። ክፍት ጥልቅ ኩሬ የሚነድፍ መሐንዲስ ጋዙን ለምን እንዳልሰበሰበ ወይም እንዳላቃጠለ በጽሑፍ ያስረዳ። አንድ ኪሎ ሚቴን ሲቃጠል 2.75 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ ስለሚሰጥ፣ መጠቀም ባይቻል እንኳ ማቃጠሉ ከመልቀቁ በብዙ ይሻላል።

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፤

ከእነዚህ ነጥቦች ውስጥ አዲስ ሕግ የሚጠይቅ የለም፤ መመሪያና ጥንቃቄ ይበቃቸዋል። ከሁሉ የሚያስፈልገው ግን የእኛ ፊርማ ነው። የማጣሪያው ንድፍ በእኛ ይፈረማል፤ የፍተሻው ውጤት በእኛ ይፈረማል፤ በፋብሪካው ውስጥም ሆነ በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የተቀመጥነው እኛው ነን። መንግሥት ተቆጣጣሪ ሊልክ ይችላል፤ ያልተለካን ቁጥር ግን ተለካ ብሎ ላለመፈረም የሚችለው ባለሙያው ብቻ ነው። ድልድይ ሲሠራ ክብደቱን ሳንገምት እንደማንፈርም ሁሉ፣ የሚወጣውን ጋዝ ሳናውቅ ማጣሪያው ተሟልቷል ብለን ባንፈርም ለሙያችን ክብር፣ ለዚህች ከተማም ውለታ ይሆናል።

ሐይቁ መውጫ ስለሌለው የሠራነውን ሁሉ በውስጡ ይዞ ያሳየናል። አየሩ ግን አይዝም፤ አይመሰክርምም። የማይመሰክረውን የመመዝገብ ግዴታ የእኛ ነውና ከዛሬ ጀምረን እንመዝግብ እላለሁ።