ቴርሞስታቱ የትኛው ግድግዳ ላይ ነው?

ሐምሌ ሲገባ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ታውንሃውስ ውስጥ የሚኖሩ ወገኖቻችን የሚያነሱት ጥያቄ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፦ «እኛ ቤዝመንት ጋቢ ለብሰን ተቀምጠን፣ ላይ ፎቅ ልጆቹ በሙቀት መተኛት አቃታቸው። ኤሲው ደክሞ ይሆን?»

ሊሆን ይችላል። ማሽኑን ከመጠርጠራችሁ በፊት ግን ቴርሞስታቱ የት እንደተሰቀለ እዩልኝ። ቴርሞስታት የሚለካው አጠገቡ ያለውን አየር ብቻ ነው። ሳሎን ከሆነ፣ ሳሎኑ ያዘዛችሁት ዲግሪ ላይ ሲደርስ ኤሲውን ያጠፋዋል። ጣሪያው ሥር ያለው መኝታ ቤት 82 ፋረንሃይት ላይ ቢሆንም የሚነግረው የለም።

ጥሩው ቦታ ሰው በሚውልበት ክፍል፣ የውስጥ ግድግዳ ላይ፣ ከወለሉ 5 ጫማ ያህል ከፍ ብሎ ነው። የከሰዓት ፀሐይ የሚያርፍበት ወይም ቴሌቪዥን ከሥሩ ያለበት ቴርሞስታት ከቤቱ የበለጠ ሙቀት ያነባል፤ ኤሲውም ያለ ዕረፍት ይሠራል። እኛ ቤት ደግሞ ወጥ ለሰዓታት ይንተከተካልና ከወጥ ቤት ራቅ ማለቱ ግድ ነው። የቀዝቃዛ አየር መውጫ ፊት ለፊት ከሆነ ተቃራኒው ይመጣል፤ ቤቱ ሳይቀዘቅዝ ማሽኑ ይቆማል።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ከቴርሞስታቱ ጀርባ ያለውን የሽቦ ቀዳዳ ነው። በግድግዳው ውስጥ የሚዘዋወር ሞቃት አየር በዚያ ወጥቶ ንባቡን ያዛባዋል። ኤሌክትሪኩን አጥፍቶ ቀዳዳውን መድፈን ቀላል ሥራ ነው።

አሁን ወደ አንድ በጣም ወደሚያሳስበኝ ልማድ ልለፍ። ቀዝቃዛው አየር ወደ ላይ እንዲሄድ ብለው የቤዝመንቱን መውጫዎች በሙሉ የሚዘጉ አሉ። ማራገቢያው ግን የተሠራው ለተወሰነ የአየር መጠን ነው። መውጫው ሲዘጋ በቱቦው ውስጥ ግፊት ይጨምራል፣ በማቀዝቀዣው ጥቅል (ኮይል) ላይ የሚያልፈው አየር ያንሳል፣ ጥቅሉም በረዶ ሊይዝ ይችላል። በረዶ የያዘ ኤሲ አያቀዘቅዝም፤ ሲብስም ኮምፕረሰሩን ይጎዳል።

ቤትን በዞን ከፍሎ ማቀዝቀዝ ከዚህ የተለየ ነው። በቱቦዎቹ ውስጥ በሞተር የሚከፈቱና የሚዘጉ ዳምፐሮች ይገባሉ፤ እያንዳንዱ ዞን የራሱ ቴርሞስታት ይኖረዋል፤ አንድ መቆጣጠሪያ ሁሉንም ያስተባብራል። እዚህም ቢሆን ትንሽ ዞን ብቻውን ሲከፈት ያው የግፊት ችግር ይመጣል። ስለዚህ አቅሙን ከፍ ዝቅ ማድረግ የሚችል ማሽን ላይ ሲገጠም ይመረጣል። ቱቦ ለመቀየር ለማይመች ቤት፣ ላይ ፎቅ ላይ ብቻ ያለ ቱቦ የሚሠራ ሚኒ ስፕሊት መትከል ብዙ ጊዜ የተሻለ መፍትሔ ነው። በርቀት የሚቀመጡ ሴንሰሮችም አሉ፤ ቴርሞስታቱ ማታ መኝታ ቤቱን፣ ቀን ሳሎኑን እንዲያነብ ማዘዝ ይቻላል።

ትልቅ ኤሲ መግዛትን ግን አልመክርም። ትልቁ ቶሎ አቀዝቅዞ ቶሎ ስለሚጠፋ፣ የዋሽንግተን አካባቢን የበጋ እርጥበት ከአየሩ ለማውጣት ጊዜ አያገኝም። ቤቱ ይቀዘቅዛል፣ ቆዳ ግን ይጣበቃል።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት በሞቃት ከሰዓት አንድ ተራ ቴርሞሜትር ቴርሞስታቱ ካለበት ክፍል መሀል፣ ሌላውን ላይ ፎቅ አስቀምጡ። የክፍሉ ንባብ ከቴርሞስታቱ ጋር ካልተስማማ ችግሩ የቦታው ሊሆን ይችላል። ከተስማማና ላይኛው ብቻ ከጋለ፣ ባለሙያ ጠርታችሁ መጀመሪያ ቱቦዎቹንና የጣሪያውን ሙቀት መከላከያ እንዲፈትሽ ጠይቁት።