የእንደራሴው ደመወዝና የመራጩ ኑሮ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት የተደረገ ንግግር)



በቀድሞው ፓርላማችን የሕዝብ ወኪል «እንደራሴ» ይባል ነበር። ቃሉን ለያይቶ ለተመለከተው ትልቅ ነገር ይናገራል፤ «እንደ ራሴ» ማለት ነውና። እኔ ስራብ የሚርበው፥ እኔ ስጠግብ የሚጠግብ ሰው ማለት ነው። ይሁን እንጂ ዝናብ በቀረበት ዓመት እኩል አራሹ ከአውድማው ባዶ እጁን ሲመለስ፥ ስለ እርሱ ሊናገር የተመረጠው ሰው በወሩ መጨረሻ ያንኑ ገንዘብ ቆጥሮ ይቀበላል። እንግዲህ የባለሥልጣን ደመወዝ ከሕዝቡ ኑሮ ጋራ ቢታሰር ምን ይሆናል?

ይህን የሞከረ አገር አለ። ሲንጋፖር ለሚኒስትሮቿ እጅግ ከፍ ያለ ደመወዝ በመክፈል የታወቀች ናት፤ ዐዋቂ ሰው ወደ ንግድ እንዳይኰበልል፥ ጉቦም እንዳይፈትነው ነው ይላሉ። ከደመወዛቸውም በላይ የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ሲያድግ የሚታሰብላቸው ጉርሻ ነበር። ዳሩ ግን የአገር ምርት አደገ ማለት የድኻው ሌማት ሞላ ማለት አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 የሲንጋፖር ምርት ከ14 በመቶ በላይ አደገ፤ በ2011 በተደረገው ምርጫ ግን ሕዝቡ ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ሚኒስትሮቹ ደመወዝ አጕረመረመ፤ ገዢው ፓርቲም ያገኘው ድምፅ ከመቶ 60 ያህል ብቻ ሆነ። በዚያው ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሊ ሴን ሉንግ ነገሩን የሚመረምር ኮሚቴ አቆሙ። በ2012 የጠቅላይ ሚኒስትሩ ደመወዝ በ36 በመቶ እንዲቀነስ ተወሰነ፤ የጉርሻውም ሚዛን ተለወጠ። በአዲሱ ደንብ አራት ነገሮች እኩል ይመዘናሉ፤ የጠቅላላው ምርት ዕድገት፥ የመካከለኛው ዜጋ ገቢ፥ ከሁሉ በታች ያለው አንድ አምስተኛ ሕዝብ ገቢ፥ የሥራ አጡም ብዛት። ግቡ ሲመታ የሦስት ወር ደመወዝ፥ እጅግ ቢያልፍ እስከ ስድስት ወር ይሰጣል።

እኔ የማደንቀው ሦስተኛውን ነው፤ ሚኒስትሩ ገንዘቡን ሲቆጥር የጽዳት ሠራተኛዋን እንዲያስብ ያስገድደዋልና። ሆኖም በ2012 የተወሰነው የጀማሪ ሚኒስትር ክፍያ ጉርሻው ተጨምሮበት በዓመት 1.1 ሚሊዮን የሲንጋፖር ዶላር ያህል ስለሆነ፥ ጉርሻው ቢቀርበት እንኳ ጦሙን አያድርም።

አንዳንድ ጓደኞቼ፥ «አገሩን የሚወድ ሰው ለገንዘብ ብሎ አይሠራም» ይሉኛል። እኩል አራሹስ መሬቱን አይወድምን? ክፍያው ግን በአዝመራው ነው።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ከራሳችን ታሪክ የሚመጣው ነው። ጉልት በ1958 ዓ.ም. በአዋጅ እስኪሻር ድረስ ባለጉልቱ የሚኖረው ከገበሬው አዝመራ በሚቀበለው ግብር ነበር። ገቢው ከሕዝቡ ምርት ጋራ ታስሮ ነበር ማለት ነው! ገበሬውን አበለጸገውን? አላበለጸገውም። መዛኙም ተቀባዩም አንድ ሰው በሆነበት ቦታ፥ እህሉ ባነሰ ጊዜ የራስን ድርሻ ከመቀነስ ገበሬውን ማስጨነቅ ይቀላል። ሹመቱም የማይጸና ስለሆነ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» ተባለ።

ስለዚህ ቁጥሩን የሚጽፈው እጅ ከተከፋዩ እጅ የተለየ መሆን አለበት። እኛም ፈተናችንን ራሳችን ብናርም ኖሮ ከክፍላችን የሚወድቅ ባልተገኘ ነበር! ደግሞም መመዘን ያለበት ሕዝቡ ዛሬ ያለበት ደረጃ ሳይሆን፥ ከነበረበት ምን ያህል እንደ ተሻሻለ ነው። አለዚያ ለም አገር ያለው እንደራሴ ተኝቶ ሲሸለም፥ ድርቅ ለሚመላለስበት ወረዳ የሚቆም ሰው ይጠፋል።

የጊዜውም ነገር አለ። ይህን ትምህርት ቤት የመሠረቱት ሰዎች በመጀመሪያው ዓመት ተመዝነው ቢሆን ኖሮ ወጪ እንጂ ፍሬ ባልተገኘባቸው ነበር፤ ዛሬ ግን በዚህ አዳራሽ የተቀመጡት ብዙዎቹ ወላጆች የዚሁ ቤት ልጆች ናቸው። በአንጻሩ ለምርጫው ዓመት ብቻ ተብሎ የተሠራ መንገድ በሁለተኛው ክረምት ይቦረቦራል። በዚህ ምክንያት የጉርሻው ገሚስ እንደራሴው ከወንበሩ ከወረደ ከአምስት ዓመት በኋላ፥ ሥራው ታይቶ ይከፈል እላለሁ። ይህን በክፍላችን ክርክር ላይ ባነሣሁ ጊዜ «እስከዚያ ምን ይብላ?» ብለው ሣቁብኝ። ደመወዙን ይብላ፤ እርሱን መቼ ነካንበት?